የራስና የአንገት አናቶሚን በእንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር፦ ለጀማሪ የሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪውም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በዚሁ ቋንቋ ሲማር ስለቆየ ቋንቋው እንግዳ አይሆንበትም። ያም ሆኖ ትምህርቱ ራስና አንገት ላይ ሲደርስ፣ እስከዚያ ድረስ ደህና ይጓዝ የነበረ ተማሪ ሳይቀር አንድ ገጽ ላይ ሲዋትት ያመሻል። በጠባብ ስፍራ ውስጥ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ደም ቅዳ፣ ደም መልስና እጢ ተጠላልፈው ይገኛሉ። የራስ ቅል ብቻውን፣ የመሃል ጆሮ ትንንሽ አጥንቶች ሳይቆጠሩ፣ 22 አጥንቶች አሉት፤ የራስ ነርቮች የሚባሉትም 12 ጥንድ ናቸው።

ተማሪዎች ዘወትር የሚያማርሩት በስሞቹ ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ስም በመደጋገም ይያዛል፤ ቢረሳም ከሥዕል ላይ ይገኛል። ፈተና ላይ የሚጥለው ይልቁንም ስሞቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ግሶችና መስተዋድዶች ናቸው። በአንድ እጢ ውስጥ አልፎ የሚሄድን ነርቭ እጢውን ከሚያዝዘው ነርቭ ያልለየ ተማሪ፣ የሁለቱንም ስም አሳምሮ ቢያውቅ አይጠቅመውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከስም ዝርዝር አይጀምርም። የእንግሊዝኛ ቃላቱ እዚህ በድምፃቸው በፊደል የተጻፉ በመሆናቸው፣ የላቲን አጻጻፋቸውን ከመማሪያ መጽሐፍዎ እያዩ በደብተርዎ ላይ ጎን ለጎን ያስፍሩ።

1. አቅጣጫውን አስቀድመው ያስተካክሉ

በአናቶሚ እንግሊዝኛ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች የሚባለው ሰውየው አሁን ባለበት ሁኔታ አይደለም። ሁልጊዜ የሚታሰበው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ፣ መዳፎቹንም ወደ ፊት የመለሰ ሰው ነው፤ ይህም «አናቶሚካል ፖዚሽን» ይባላል። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው የተንጋለለ አስከሬን ፊቱ ወደ ጣሪያ ቢሆንም፣ አፍንጫው «አንቲሪየር» እንጂ «ሱፒሪየር» አይሆንም። ግራና ቀኝም የተመልካቹ ሳይሆኑ የሰውየው ናቸው።

የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው። «አንቲሪየር» የፊት፣ «ፖስቲሪየር» የኋላ፤ «ሱፒሪየር» የላይ፣ «ኢንፊሪየር» የታች፤ «ሚዲያል» ለመካከለኛው መስመር የቀረበ፣ «ላተራል» ከዚያ ወደ ጎን የራቀ፤ «ሱፐርፊሻል» ለቆዳ የቀረበ፣ «ዲፕ» ወደ ውስጥ የጠለቀ፤ «ኢፕሲላተራል» በዚያው ጎን ያለ፣ «ኮንትራላተራል» በሌላው ጎን ያለ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ማወዳደሪያዎች መሆናቸውን አይርሱ። አንድ አካል በራሱ «ዲፕ» አይሆንም፤ ከሌላው አንጻር «ዲፕ ቱ» ይሆናል እንጂ። ስለዚህ ሲጽፉ ዐረፍተ ነገሩን በሁለቱም አቅጣጫ ይጻፉት፦ «ዘ ማሲተር ላይስ ሱፐርፊሻል ቱ ዘ ሬመስ ኦፍ ዘ ማንዲብል» (የማኘኪያው ጡንቻ ማሲተር ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ቀጥ ብሎ ከሚወጣው ክፍል ይልቅ ለቆዳ የቀረበ ነው) ብለው ከጻፉ፣ ከሥሩ «ዘ ሬመስ ኦፍ ዘ ማንዲብል ላይስ ዲፕ ቱ ዘ ማሲተር» ብለው ይድገሙት። ይህን ለጥቂት ቀናት ያደረገ ተማሪ ጥያቄው ተገልብጦ ሲመጣበት አይደናገርም።

የአንገትን የኋላ ሦስት ማዕዘን የሚገልጸው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፦ «ዘ ፖስቲሪየር ትራያንግል ኢዝ ባውንድድ አንቲሪየርሊ ባይ ዘ ፖስቲሪየር ቦርደር ኦፍ ዘ ስተርኖክላይዶማስቶይድ።» በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ፖስቲሪየር» ሁለት ጊዜ፣ «አንቲሪየርሊ» አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ ተማሪውም እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስለዋል። ግጭት የለበትም። የመጀመሪያው «ፖስቲሪየር» የሦስት ማዕዘኑ ስም ነው። «አንቲሪየርሊ» ደግሞ ከሦስት ማዕዘኑ ወሰኖች ስለ ፊተኛው እንደሚነገር ያመለክታል። የመጨረሻው «ፖስቲሪየር» የጡንቻው የኋላ ጠርዝ ነው። በአማርኛ፣ «የኋላውን ሦስት ማዕዘን በፊት በኩል የሚወስነው የስተርኖክላይዶማስቶይድ ጡንቻ የኋላ ጠርዝ ነው» ማለት ነው። በቀረው ክፍል በኋላ በኩል የትራፒዚየስ የፊት ጠርዝ፣ በታች በኩል የክላቪክል መካከለኛው ሲሶ ይወስኑታል። በቃሉ መጨረሻ ላይ የምትጨመረው «ሊ» ቅጽሉን ወደ ተውሳከ ግስ ስለምትለውጥ፣ «በ…በኩል» ተብላ ብትነበብ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ሐሳብ ትሰጣለች።

2. ግሱን ያስምሩበት

አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ጣል አድርጎት ያልፍና የቀረውን ሁሉ ከኋላ ያስከትላል። የአናቶሚ ዐረፍተ ነገር ደግሞ አንድን ነርቭ ተከትሎ ሦስትና አራት ግሶችን ይደረድራል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ሲያነቡ መጀመሪያ ግሶቹን ብቻ በእርሳስ ያስምሩባቸው፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን ይፈልጉለት። የስሞቹን ትርጉም የሚፈልጉት ይህ ካለቀ በኋላ ነው።

ለጡንቻ የሚበዙት «አራይዝ ፍሮም» እና «ኢንሰርት ኢንቱ» ናቸው፤ የመጀመሪያው መነሻውን፣ ሁለተኛው ማረፊያውን ይናገራል። ሥራውን የሚገልጹት ደግሞ «ኤሌቬት» ከፍ ማድረግ፣ «ዲፕረስ» ዝቅ ማድረግ፣ «ፕሮትሩድ» ወደ ፊት ማውጣት፣ «ሪትራክት» ወደ ኋላ መሳብ፣ «ሮቴት» ማዞር ናቸው። ለነርቭና ለደም ሥር «ፓስ ስሩ» በውስጡ ማለፍ፣ «ፒርስ» በስቶ መውጣት፣ «ክሮስ» አቋርጦ መሄድ፣ «ኢመርጅ» ብቅ ማለት፣ «ዲሴንድ» መውረድ፣ «አሴንድ» መውጣት፣ «ሁክ አራውንድ» ዞሮ መመለስ፣ «ጊቭ ኦፍ» ቅርንጫፍ መስጠት፣ «ዲቫይድ ኢንቱ» ወደ ቅርንጫፎች መከፈል፣ «ጆይን» መቀላቀል ያገለግላሉ። «ሰፕላይ» ለደም ቅዳ ሲሆን ደም ማድረስ ነው፤ ለነርቭ ሲሆን ግን ትእዛዝ ወይም ስሜት ማመላለስ ነው። «ድሬን» የደም መልስና የሊምፍ ግስ ነው፤ ደሙን ሰብስቦ ይዞ መሄድን ያመለክታል።

አሁን አንዱን ዐረፍተ ነገር በዝግታ እንየው፦ «ዘ ፌሻል ነርቭ ኢመርጅስ ስሩ ዘ ስታይሎማስቶይድ ፎሬመን፣ ኤንተርስ ዘ ፓሮቲድ ግላንድ፣ ኤንድ ዲቫይድስ ኢንቱ ፋይቭ ብራንችስ ዛት ሰፕላይ ዘ መስልስ ኦፍ ፌሻል ኤክስፕሬሽን።» አራት ግሶች አሉት፦ ብቅ ይላል፣ ይገባል፣ ይከፈላል፣ ያዝዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በመጨረሻቸው «ስ» አለባቸው፤ ባለቤታቸው አንድ ነርቭ ስለሆነ ነው። «ሰፕላይ» ግን «ሰፕላይስ» አልተባለም። ምክንያቱም የፊትን ጡንቻዎች የሚያዝዙት አምስቱ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ብዙ ቁጥር በመሆናቸው «ስ»ዋ ቀርታለች። ይህች አንዲት ፊደል በረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስለምትጠቁም ሳያዩ አይለፏት።

ከዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መምህራን ደጋግመው ጥያቄ ያወጣሉ። ነርቩ ወደ ፓሮቲድ እጢ፣ ማለትም ከጆሮ አጠገብ ወዳለው የምራቅ እጢ፣ «ኤንተርስ» ተባለ እንጂ እጢውን «ሰፕላይስ» አልተባለም። ይህ ፌሻል ነርቭ፣ ማለትም 7ኛው ነርቭ፣ በፓሮቲድ ውስጥ ያልፋል፤ እጢው ምራቅ እንዲያመነጭ የሚያዝዘው ግን መነሻው ከ9ኛው ነርቭ ሆኖ በኦቲክ ጋንግሊየን (የነርቭ ሕዋሳት እጅብ) በኩል የሚደርሰው መሥመር ነው፤ የመጨረሻውን መንገድ የሚሸከመውም ኦሪኩሎቴምፖራል ነርቭ ነው። ስም ብቻ የሸመደደ ተማሪ «ፓሮቲድ» የሚለውን ሲያይ «ፌሻል» ብሎ ይመልሳል፤ ግሱን ያነበበ ግን አይሳሳትም። ቀዶ ሐኪሞችም የፓሮቲድ እባጭ ሲያወጡ ይህን ነርቭ ላለመጉዳት የሚጠነቀቁት እጢው ውስጥ ስለሚያልፍ ነው፤ ከተጎዳ የዚያ ጎን ፊት ይሽመደመዳልና።

3. የሚያውቋቸውን ቃላት ይጠራጠሩ

እንግዳ ቃል መዝገበ ቃላት ያስከፍታል፤ የሚታወቅ ቃል ግን ሳይፈተሽ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ክፍል ይበልጥ የሚያሳስቱት ቀላል የሚመስሉት ቃላት ናቸው።

«ፕሮሰስ» በሌላው ትምህርት ሂደት ነው፤ እዚህ ከአጥንት ላይ የወጣ ጉጥ ነው። ከጆሮ ጀርባ በጣት የሚዳሰሰው ጠንካራ ጉብታ «ማስቶይድ ፕሮሰስ» ይባላል። «ሜንታል ፎሬመን» ከአእምሮ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በታችኛው መንጋጋ ላይ፣ ከሁለተኛው ፕሪሞላር ጥርስ አካባቢ በታች የሚገኝ ቀዳዳ ሲሆን፣ ቃሉ አገጭን ከሚያመለክተው ላቲን የመጣ ነው። «ቴምፖራል»ም የጊዜ ሳይሆን በዐይንና በጆሮ መካከል ያለው የጎን ክፍል ነው። «ሄድ»፣ «ኔክ» እና «ቦዲ» የሰው ብቻ አይደሉም፤ የታችኛው መንጋጋ አጥንትም የራሱ ራስ፣ አንገትና አካል አለው። በመሆኑም «ፍራክቸር ኦፍ ዘ ኔክ ኦፍ ዘ ማንዲብል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ የሰውየው አንገት የተሰበረ መስሎት እንዳይደነግጥ።

«ኦፖዚት» ደግሞ ተቃራኒ ተብሎ ይተረጎማል፤ በአናቶሚ ግን ትይዩ ማለት ነው። የፓሮቲድ እጢ ቱቦ ባክሲኔተር የተባለውን የጉንጭ ጡንቻ በስቶ አፍ ውስጥ የሚከፈተው «ኦፖዚት ዘ አፐር ሰከንድ ሞላር» ነው ሲባል፣ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ፊት ለፊት በጉንጩ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው ማለት እንጂ በሌላው ጎን ነው ማለት አይደለም። «አት ዘ ሌቭል ኦፍ»ም እንዲሁ ደረጃን ሳይሆን ከፍታን ይናገራል፤ ኮመን ካሮቲድ ደም ቅዳ ለሁለት የሚከፈለው በታይሮይድ ካርቲሌጅ የላይኛው ጠርዝ ትክክል፣ በአራተኛው የአንገት አከርካሪ ከፍታ ገደማ ነው።

«ሩፍ» እና «ፍሎር» የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የአፍ «ሩፍ» ላንቃው፣ «ፍሎሩ» ከምላስ ሥር ያለው ወለል በመሆኑ እዚህ ላይ ጣሪያና ወለል ብሎ መተርጎም አያሳስትም። የአንገት ሦስት ማዕዘኖች ላይ ግን «ሩፍ» የሚባለው ለቆዳ የቀረበው ሽፋን ነው፤ «ፍሎር» የሚባለው ደግሞ ከሥር የጠለቁት ጡንቻዎች ናቸው። የቆመ ሰው አንገት ላይ ጣሪያው ወደ ጎን፣ ወለሉ ወደ ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። ቦታውን ከቆዳ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየከፈተ የሚሄድ ሰው የሚያየው እንደሆነ አድርገው ቢወስዱት ይቀላል።

4. ረጃጅሞቹን ስሞች ይበትኑ

በራስና አንገት ላይ በ«ኦይድ» የሚያልቁ ስሞች ይበዛሉ፤ ትርጉሙ «…የሚመስል» ነው። «ታይሮይድ» ጋሻ፣ «ክሪኮይድ» ቀለበት፣ «ማስቶይድ» ጡት፣ «ስታይሎይድ» ብዕር መሳይ ሹል፣ «ቴሪጎይድ» ክንፍ፣ «ስፊኖይድ» ሽብልቅ፣ «ኤትሞይድ» ወንፊት የሚመስል ማለት ነው። ኤትሞይድ አጥንት ላይ ያለችው ቀዳዳ የበዛባት ስስ ገበታ የ1ኛው ነርቭ ጭረቶች የሚያልፉባት መሆኗን ያየ ሰው ስሙን ዳግመኛ አይረሳውም።

ቅድመ ቅጥያዎቹን በጥንድ ይያዙ። «ሱፕራ» ከላይ፣ «ኢንፍራ» ከታች፤ «ኢንትራ» በውስጥ፣ «ኢንተር» በመካከል፤ «ፕሪ» ከፊት፣ «ሬትሮ» ከኋላ፤ «ሰብ» እና «ሃይፖ» ሁለቱም ከሥር ናቸው፤ «ሃይፖግሎሳል» ከምላስ ሥር የሚሄደው 12ኛው ነርቭ ነው። «ፔሪ» ዙሪያውን፣ «ፓራ» አጠገቡ በመሆናቸው ከ«ፕሪ» ጋር አያምታቷቸው፤ «ፓሮቲድ» የተባለው ከጆሮ አጠገብ ስላለ ነው።

የጡንቻ ስም ሁለት አካል ሲጠራ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ መነሻው፣ ሁለተኛው ማረፊያው ነው። «ጂኒዮግሎሰስ» ከአገጭ ወደ ምላስ፣ «ሃዮግሎሰስ» ከሃዮይድ ወደ ምላስ፣ «ስታይሎግሎሰስ» ከስታይሎይድ ወደ ምላስ ይሄዳሉ። «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» ሁለት መነሻ ስላለው ሦስቱንም ይጠራል፦ ስተርነም፣ ክላቪክል፣ ማስቶይድ። አንድ ተማሪ ይህን ጡንቻ በራሱ አንገት ላይ ሊያየው ከፈለገ አገጩን ወደ ቀኝ ትከሻው አዙሮ በመስተዋት ይመልከት፤ የሚወጠረው የግራው ነው። ጡንቻው ጭንቅላትን ወደ ራሱ ጎን ያዘነብላል፣ ፊትን ግን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል፤ እንግሊዝኛው «ቲልትስ ዘ ሄድ ቱ ዘ ሴም ሳይድ ኤንድ ሮቴትስ ዘ ፌስ ቱ ዘ ኦፖዚት ሳይድ» ይለዋል። እዚህ ላይ «ኦፖዚት» እንደ ወትሮው ተቃራኒ ማለት ነውና ከላይ ካየነው አጠቃቀም ይለዩት።

ለድፍረት ያህል የመጨረሻውን ረጅም ስም እንሞክር፦ «ሌቬተር ላቢያይ ሱፒሪዮሪስ አሊኪ ናሳይ»። ሌቬተር ከፍ የሚያደርግ፣ ላቢያይ ሱፒሪዮሪስ የላይኛውን ከንፈር፣ አሊኪ ናሳይ የአፍንጫንም ክንፍ። ስሙ ሙሉ የሥራ መግለጫ ነው፤ መጥፎ ሽታ የሸተተው ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ ይሠራል።

5. ቀዳዳውን፣ ጉድጓዱንና ብዙ ቁጥሩን ይለዩ

«ፎሬመን» ቀዳዳ፣ «ካናል» ርዝመት ያለው መተላለፊያ፣ «ፊሸር» ስንጥቅ፣ «ሚዬተስ» ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቦይ፣ «ፎሳ» ጉድጓዳ ቦታ፣ «ሰልከስ» በላይ ላይ የሄደ ፈለግ፣ «ኖች» ጠርዝ ላይ ያለ ስርጉድ ነው። የራስ ቅልን መሠረት በእጅ ይዞ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ እያሳለፉ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ከማንኛውም የማጥኛ ካርድ ይበልጣል፦ ሽቦው በፎሬመን ኦቫሌ ሲያልፍ የ5ኛው ነርቭ ማንዲቡላር ክፍል፣ በፎሬመን ሮተንደም ማክሲላሪ ክፍል፣ በፎሬመን ስፓይኖሰም ሚድል ሜኒንጂያል ደም ቅዳ፣ በጀጉላር ፎሬመን 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው ነርቭ።

ብዙ ቁጥሩ የእንግሊዝኛን ተራ ሕግ ሁልጊዜ አይከተልም። ፎሬመን «ፎራሚና»፣ ጋንግሊየን «ጋንግሊያ»፣ ኒውክሊየስ «ኒውክሊያይ»፣ ሬመስ «ሬማይ»፣ ፎሳ «ፎሲ»፣ ቨርቲብራ «ቨርቲብሪ» ይሆናሉ። የግሱ «ስ» በዚህ ላይ ስለሚወሰን ጉዳዩ ለጌጥ አይደለም።

6. አነባበቡ ላይ የሚያሳስቱትን ይያዙ

አክሰንት አያስጨንቅዎ፤ የሚያስጨንቀው ሁለት ነገሮችን ማምታታት ነው። በቃል መጀመሪያ የሚጻፈው «ፒ» ከ«ቲ» ጋር ሲመጣ አይነበብም፤ «ቴሪጎይድ» እና «ቶሲስ» የሚነበቡት እንዲህ ነው። «ሲ» እና «ኤች» አንድ ላይ ሲመጡ በአናቶሚ አብዛኛውን ጊዜ «ክ» ናቸው፤ ኮክሊያ፣ ኮንካ፣ ትሬኪያ። ከዚህ ይልቅ ተጠግተው የሚጠሩትን ጥንዶች ለይቶ መለማመድ ይበጃል፦ «ትሮክሊያር» ዐይን የሚያንቀሳቅሰው 4ኛው ነርቭ፣ «ኮክሊያር» የመስማቱ የ8ኛው ነርቭ ክፍል ነው፤ «ካሮቲድ» ደም ቅዳ፣ «ፓሮቲድ» እጢ ነው፤ «ማሲተር» ጡንቻ፣ «ማስቶይድ» አጥንት ነው። «ኦራል» የሚለው ድምፅ የአፍም የጆሮም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ የሚለያዩት በአጻጻፍ ብቻ ስለሆነ ሲናገሩ «ማውዝ» ወይም «ኢር» ብለው ቢያብራሩ ይመረጣል።

7. የጥያቄውን እንግሊዝኛ ያንብቡ

የአናቶሚ ጥያቄ ባለቤትና ተሳቢን ገልብጦ ማቅረብ ይወዳል። «ዘ ነርቭ ሰፕላይስ ዘ መስል» የተባለው «ዘ መስል ኢዝ ሰፕላይድ ባይ ዘ ነርቭ» ሆኖ ይመጣል፤ «ባይ» ከታየች ሥራውን የሚሠራው ከእርሷ በኋላ ያለው ነው። «ሪስፔክቲቭሊ» የምትል ቃል ደግሞ እንደ ቅደም ተከተላቸው ማለት ሲሆን፣ ሁለት ሁለት ዝርዝሮችን ታጋባለች፦ የዳይጋስትሪክ ጡንቻ የፊት ሆድና የኋላ ሆድ በማይሎሃዮይድ ነርቭና በፌሻል ነርቭ «ሪስፔክቲቭሊ» ይታዘዛሉ ሲባል፣ ፊተኛው በፊተኛው፣ ኋለኛው በኋለኛው ነው።

«ኤክሴፕት» ከሁሉ በላይ ነጥብ ታስጥላለች። የምላስ ጡንቻዎች ሁሉ በ12ኛው ነርቭ ይታዘዛሉ፤ ከፓላቶግሎሰስ በስተቀር፤ እርሱ የሚታዘዘው በ10ኛው ነርቭ ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ የቻለ ተማሪ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ መለሰ ማለት ነው። በጽሑፍ ጥያቄ ላይ «ሊስት» ሲባል ስም ብቻ ይደርድሩ፤ «ዲስክራይብ» ሲባል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «ትሬስ» ሲባል ከመነሻ እስከ መድረሻ መንገዱን ይከተሉ። ሊስት በተባለበት አንቀጽ እየጻፉ ሰዓት የሚጨርሱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

8. በቃል ለመመለስ አንድ ቅርጽ ይኑርዎ

በቃል ፈተና ላይ ዝምታ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የእውቀት ማነስ ሳይሆን ከየት እንደሚጀመር አለማወቅ ነው። ለነርቭና ለደም ሥር ሁሉ አንድ ቅደም ተከተል ይያዙ፦ መነሻ፣ መንገድ፣ ጎረቤቶች፣ ቅርንጫፎች፣ የሚያዝዘው ወይም ደም የሚያደርስለት፣ ሲጎዳ የሚታየው። ለምሳሌ የግራው ሪከረንት ላሪንጂያል ነርቭ ቢጠየቁ እንዲህ ይበሉ፦ «ኢት አራይዝስ ፍሮም ዘ ቬገስ፣ ሁክስ አራውንድ ዘ አርች ኦፍ ዘ ኤዮርታ፣ አሴንድስ ኢን ዘ ግሩቭ ቢትዊን ዘ ትሬኪያ ኤንድ ዘ ኢሶፋገስ፣ ኤንድ ሰፕላይስ ኦል ዘ ኢንትሪንዚክ መስልስ ኦፍ ዘ ላሪንክስ ኤክሴፕት ዘ ክሪኮታይሮይድ።» የቀኙ የሚለየው አርች ኦፍ ኤዮርታን ሳይሆን ሰብክሌቪያን ደም ቅዳን ዞሮ መመለሱ ነው። ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ነርቩ ከታይሮይድ እጢ ጀርባ ስለሚያልፍ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከተጎዳ ድምፅ ይጎረናል። የአዮዲን እጥረት ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎቻችን እንቅርት የቆየ ችግር በመሆኑ ይህ ጥያቄ እዚህ አገር ከመጽሐፍ የወጣ ብቻ አይደለም።

9. ከእንግሊዝኛው ወደ ታማሚው ቃል ይሻገሩ

ተማሪው በእንግሊዝኛ የተማረውን ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገባ በአማርኛ መጠየቅ ይኖርበታል። ለዚህ የሚያገለግሉ ጥሩ ቃላት ሞልተዋል፦ እንጥል ለ«ዩቭዩላ»፣ ላንቃ ለ«ፓሌት»፣ ማንቁርት ለ«ላሪንክስ»፣ ማጅራት ለአንገት የኋላ ክፍል፣ ጆሮ ደግፍ ለፓሮቲድ እብጠት በሽታ ለ«መምፕስ»፣ ንፍፊት ላበጠ «ሊምፍ ኖድ»። እርግብግቢት ሲባል እናቶች ሁሉ የሚያውቁት «አንቲሪየር ፎንታኔል» ነው፤ በኮሮናልና በሳጂታል ስፌቶች መገናኛ ላይ ያለ ሲሆን፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ላይ መጎድጎዱ ውኃ ማነሱን ከሚያመለክቱት ምልክቶች አንዱ ነው። «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ ወደ ባህላዊ ቆራጭ የተወሰደ ሕፃን ታሪክ ሲያጋጥምዎ፣ የተቆረጠው ዩቭዩላ መሆኑን አውቀው መዝግበው ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ይጠይቁ።

አንዳንዱ የአማርኛ ቃል ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። «ጉሮሮዬን ያመኛል» ያለ ሰው ፋሪንክሱን ይሁን ላሪንክሱን አልለየም፤ ስለዚህ ሲውጡ ነው የሚያምዎት ወይስ ድምፅዎ ተለውጧል ብለው ይጠይቁ። «ጆሮ ግንዴን» ሲልዎትም በጣቱ እንዲያሳይ ያድርጉ።

በአንገቱ ፊት ላይ እብጠት ያለው ሰው ሲገጥምዎ ሁለት ነገር ያዝዙት። መጀመሪያ ውኃ ይጎንጭና ይዋጥ፤ እብጠቱ ከማንቁርቱ ጋር ወደ ላይ ከወጣ፣ ታይሮይድ እጢ ከላሪንክስና ከትሬኪያ ጋር በፋሺያ (አካላትን በሚሸፍንና በሚያያይዝ ስስ ሽፋን) የተያያዘ ስለሆነ ከእጢው ሊሆን እንደሚችል ይገምቱና «ሙቭስ ዊዝ ስዋሎዊንግ» ብለው ይጻፉ። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያውጣ፤ ያን ጊዜም ከወጣ «ሙቭስ ዊዝ ፕሮትሩዥን ኦፍ ዘ ተንግ» ብለው ያክሉ፤ መሃል ላይ ያለና እንዲህ የሚያደርግ እብጠት ታይሮግሎሳል ሲስትን ያሳስባልና። ካልወጣም «ደዝ ኖት ሙቭ» ብለው መጻፍዎን አይተዉ።